ለግድግዳ ካፖርት የሰፉት አጎቴ

መስኮት የሌለው ቤት አይቼ አውቃለሁ፤ መስኮት ዘጊ የሌለው ቤት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተም ቤት አለ። አባት ሊሆን ይችላል፣ አክስት ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ የሚዞር ወንድም ይሆናል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ጥግ ጥጉን ይቃኛል። ከዚያ "ማነው ይሄን የከፈተው?" ይላል። የከፈተው ሰው በየትኛውም ቤት ተገኝቶ አያውቅም፤ መስኮቱ ግን ወዲያው ይዘጋል።

የእኛ ቤት መስኮት ዘጊ አጎቴ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጄ ሚጢ አባባ ትላቸዋለች። ባለቤቴ ፊት ለፊት ሲሆን እሱም ጋሼ ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉለት ግን "ክቡር አቶ ዝጉት" ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ሲል ሱቃቸውን ዘግተው፣ የስፌት መኪናቸውን አሸክመው እኛ ዘንድ ገቡ። መዝጋቱ ጥሟቸው ነው መሰለኝ፣ ከሱቁ በኋላ ወደ ቤታችን መስኮቶች ተሻገሩ።

ከነፋስ ጋር ያላቸው ጠብ የቆየ ነው። ሱቃቸው መንገድ ዳር ነበር፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት፣ መኪናዋም በሩ አጠገብ። ግራ ትከሻቸው ዛሬም ከቀኙ ዝቅ ይላል። ይሄ ዘመን ሙሉ አጎንብሶ መስፋት ያመጣው ነው ብሎ ሐኪም ቢነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። "ነፋስ ነው የወሰደብኝ" ይላሉ፤ ነፋሱ ትከሻቸውን መንትፎ ሲሮጥ ተከትለው ያልደረሱበት ይመስል በቁጭት።

ነፋስን እንደ እኔና እንደ እናንተ በጅምላ አያዩትም። የፊት ነፋስ ያን ያህል አይከፋም፤ ሲመጣ ይታያል። የጎን ነፋስ ጆሮ ይይዛል። ከሁሉም የሚፈሩት ግን በቀዳዳ ሹልክ ብሎ የሚገባውን ቀጭኑን ነው። ስሙን ሲያነሱ ራሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱ፣ እንደ ጋሼ ትምህርት፣ ነፍሰ ገዳይ ነው።

አብሬያቸው አውቶቡስ የተሳፈርኩ ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሙቀቱ ይጋረፋል፤ ሰው በሰው ላይ ነው። ጋሼ "ይቅርታ ልጄ፣ እስቲ ላሳልፍ" እያሉ ከፊት ጀምረው እስከ ኋላ ያለውን መስኮት በሙሉ ዘግተው ተቀመጡ። ሥራውን በሰዓቱ ያደረሰ ሰው ፊት ነበራቸው። አንዲት ወፈር ያለች ሴትዮ ላቧ ሲንጠፈጠፍባት ጎኗ ያለውን መልሳ ከፈተችው። ጋሼ አልተቆጧትም። ከኋላ ሆነው በታላቅ ርኅራኄ ልጆች እንዳሏት ጠየቋት። አሉኝ አለች። "እንግዲያው ለእነሱ ስትይ ዝጊው" አሏት። ሴትዮዋ ፊቷ ሁሉ ተለዋወጠና ዘጋችው። ቀሪውን መንገድ ተቀቀልን።

መሥሪያ ቤቴም አልቀረለትም። ቤት የረሳሁትን ቁልፍ ሊያቀብሉኝ መጥተው፣ ስብሰባ ላይ መሆናችንን በመስታወት ሲያዩ መስኮቱንም አብረው አዩት። በሩን ከፈት አድርገው ገቡ፤ በአለቃዬ ራስ በላይ ተንጠራርተው ዘጉት፤ እጅ ነስተው ወጡ። አለቃዬ ማናቸው ብሎ ሲጠይቅ የጥገና ክፍል ሳይሆኑ አይቀሩም አልኩ።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ወደ ጥበብ ከፍ ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር እጃቸውን የሚያህል የለም። የየመስኮቱን ፍሬም ዙሪያ በሱፍ ጥብጣብ ጠቀጠቁት። ለየበሩ ሥር በቁርጥራጭ ጨርቅ የታጨቀ ረጅም ትራስ ሰፉ። ለቁልፍ ቀዳዳው እንኳ ትንሽዬ ኮፍያ አበጁለት። ሲጨርሱ ከመኪናቸው ላይ ጥቁር ክር በጥሰው፣ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው በየመስኮቱ ያልፋሉ። ክሩ ንቅንቅ ካለ ወየው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ጣት የምታህል ከፈት አድርጎ ወጣ። ቁርስ ላይ ጋሼ ክሩን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባለቤቴ እንቁላሉን ሳይጨርስ ሄዶ ዘጋው።

የታጠበ ልብስም ውጭ መሰጣት ቀረ። ነፋስ ያደረበትን ልብስ የሚለብስ ሰው ነፋሱንም አብሮ ይለብሳል ብለው ኮሪደሩን በገመድ አጠሩት። ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ ሱሪ መሃል እያጎነበስን ነው ያለፍነው።

የሚጢ ክፍል ከሁሉ የበለጠ የተጨነቁበት ነው። ፀሐይ የማያየው ጎን ላይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ሲበረታ የአልጋዋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ማላብ ጀመረ። እኔ ሳየው ይሄ ነገር ምን ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ። ጋሼ ግን የእጃቸውን ጀርባ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው አድርገው፣ ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ብያኔያቸውን ሰጡ።

"በርዶታል።"

ግድግዳ እንደማይበርደው ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰውስ ብርድ ብርድ ሲለው አያልበውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያልበዋል። ታዲያ ያን ጊዜ ምን ይደረግለታል? ይሸፈናላ። ከጋሼ ጋር የመከራከር ችግሩ ይሄ ነው፤ መጀመሪያው ላይ አንዴ እሺ ካላችሁ መጨረሻው ላይ መውጫ የለም።

በማግሥቱ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ ግድግዳውን ለኩት። ቁመት፣ ወርድ። ትከሻ የለውም ብለው ቅር መሰኘታቸውን ባለቤቴ ይምላል። ከሱቃቸው የተረፈ ወፍራም የካፖርት ሱፍ ነበራቸው፤ እሱን በላይ፣ ጥጥ በመሃል፣ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ገበር በውስጥ አድርገው ሰፉ። ላዩ ላይ በተርታ ቁልፎች አሉት፤ ግድግዳው ላይ ከተመታ እንጨት ጋር ይቆለፋል። ለሚጢ የቀለም እርሳሶች ብለው ኪስ አወጡለት። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሳያየው አይወጣም ነበር። ጎረቤታችን ለሳሎኗ እንዲሰፉላት ለምናቸዋለች። እኔም በሆዴ ወድጄው ነበር፤ በዓለም ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ግድግዳ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ከዚያ ሚጢ ማሳል ጀመረች።

መጀመሪያ ላይ ቀላል፣ ደረቅ ሳል ነበር። ጉንፋን ነው አልን። ቆይቶ ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ይቀላ፣ አፍንጫዋ ይታፈን ጀመር። ቆይቶ ደግሞ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ መጣ። እህቴ ጋ ወስጃት ስናድር ትሻላለች፤ ቤት ስንመለስ ይብስባታል። ለዚህም ጋሼ ትርጓሜ አላጡለትም። እህትሽ ቤት መስኮት ክፍት ነው፤ ነፋሱ የገባው እዚያ ነው፤ የሚወጣባት እዚህ ነው አሉኝ።

እናም መድኃኒቱን አጠበቁ። ጥብጣቡ ላይ ሌላ ጥብጣብ ደረቡ። እንፋሎቱ ደረቷን ያላቅቅላት ብለው ክፍሏ ውስጥ ውሃ ያፈሉ ጀመር፤ በሩን ስከፍት ሚጢና ጋሼ ከጉም ውስጥ ብቅ ይላሉ። እሷ ባሳለች ቁጥር እሳቸው ይዘጋሉ፤ እሳቸው በዘጉ ቁጥር እሷ ታስላለች። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ማንን ልመን ብዬ እዋልላለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደረጃው እኩሌታ ላይ እጄን ለቀቀችና ግድግዳውን ተደገፈች። "እማ፣ ትንሽ ልቁም" አለች። ደረጃ ላይ ሁልጊዜ የምትቀድመኝ ልጅ ናት። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ ትንፋሽ ስትፈልግ ቆሜ አየኋት። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ላይ አውልቄ እሷን አቀፍኳትና፣ ቤት ሳልገባ ወደ ክሊኒክ ደወልኩ።

ጋሼ ድምፄን ሰምተው ወጡና ካልሄድኩ ብለው አብረውን መጡ። የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ገብተው መጀመሪያ ያደረጉትን ታውቁታላችሁ። ሐኪሟ ተነሥታ መልሳ ከፈተችው። ዘጉት። ከፈተችው። የሚጢን ደረት በደንብ አዳመጠችና የምትተኛበት ክፍል ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። የክፍሉን ማማር ሲያስረዱ ፊታቸው በራ። ጥብጣቡን፣ ትራሱን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን ኮፍያ በየተራ ነገሯት። ነፋስ ሳይሆን ሐሳብ እንኳ አይገባበትም አሏት። የካፖርቱን ነገር ሲያወሩማ እጃቸው አብሮ ይሰፋ ነበር። ሐኪሟ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባባ፣ ከሰቀሉት ወዲህ ገልጠው ከኋላው አይተውት ያውቃሉ?"

"ለምን እገልጠዋለሁ? እንዲበርደው ነው?"

እሷ አልሳቀችም። ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። የሚያልበው ግድግዳ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ነው፤ የምንተነፍሰው፣ የምናፈላው፣ የምናሰጣው እርጥበት ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። አየር ካልነካው ሻጋታ ያበቅላል። የሻጋታው ብናኝ ልጅቷ ስትተነፍስ ይገባል፤ የአየር ቧንቧዋን ያስቆጣዋል፣ ያጠበዋል። በአፏ የሚነፋ መድኃኒት እሰጣታለሁ፣ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እስካለች ድረስ ሳሉ አይለቃትም አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። ስንወጣ መስኮቱን ሳይዘጉ ወጡ።

ቤት ስንደርስ ካፖርቱን ማንንም አላስነኩም። ሚጢን ሳሎን አስቀምጬ ስመጣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ነበር። ካፖርቱ ከግድግዳው ሲላቀቅ እንደ እርጥብ ጆንያ የሚሸት ነገር ክፍሉን ሞላው። ያ የሚያብረቀርቅ ገበር ጠቁሯል፤ ቦታ ቦታው ላይ ጠጉር አብቅሏል። ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጋሼ ደረት ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ከኪሱ ያወጣኋቸው የሚጢ እርሳሶች ነጭ ፀጉር ለብሰው ነበር።

እኔ ግን ለዓመታት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። አውቶቡሱን፣ ስብሰባውን፣ ኮሪደሩን፣ ሁሉንም የሚያነሳ፣ በየሌሊቱ ያሳመርኩት ንግግር። ይኸው ቀኑ ደረሰ። ጋሼ ካፖርቱን እንዳቀፉ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ ያነቅኋት" አሉ።

አባቴ ሲሞት በሚጢ ዕድሜ ያለሁ ልጅ ነበርኩ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን በየዓመቱ ራሳቸው እየሰፉ፣ ለማንም ሳይናገሩ ደረቱ ላይ ሁለተኛ ገበር ያስገቡበት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሌላው ልጅ ሁሉ ደርቆ እኔ ብቻዬን በላብ የምጠመቀው ለዚህ እንደሆነ ያወቅኩት አንድ ቀን ስፌቱ ሲተረተር ነው። ይሄን ሰው ምን ብዬ ልናገረው? ንግግሬን ዋጥኩት። "እኔም እናቷ ነኝ ጋሼ። እዚሁ ቤት ነበርኩ፤ ካፖርቱን እያሳየሁ ስኩራራ ነበር" አልኳቸው። የሰሙኝም አልመሰለኝም።

ሚጢ ወደ እኛ ክፍል ተዛወረች። ካፖርቱም ፍራሹም ተጣሉ። እኔና ባለቤቴ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ግድግዳውን በሳሙና ውሃ ፈተግነው፤ ሐኪሟ ሳይደርቅ ቀለም እንዳትቀቡበት፣ መደበቅ ነው የሚሆነው ስላለችን ደጋግመን እያጸዳን እስኪደርቅ ጠበቅን። ጥብጣቦቹን ጋሼ ራሳቸው በምላጭ ተረተሯቸው። ልብሱ ከኮሪደሩ ወጥቶ ጓሮ ተሰጣ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ሁሉም መስኮት ተከፈተ፣ ማንም አልዘጋውም። ጋሼ ክፍላቸው ገብተው ተቀመጡ። ለምግብ ሲጠሩ ይወጣሉ፤ በተከፈተው መስኮት አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ስንት ዘመን የተመኘነው ነገር ነው፤ ሲመጣ ግን ቤቱ የሰው ቤት መሰለን። ባለቤቴ አላስችል ቢለው፣ ፀጥ ባለ ቀን፣ ቅጠል እንኳ በማይንቀሳቀስበት ቀን፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ ነፋስ አለው፤ ይሄን ልዝጋው እንዴ?" አላቸው። "እንደ ፈለግህ ልጄ" አሉት። ወጥ ቤት መጥቶ ሰውዬው ታመዋል፣ ሐኪም እንጥራ አለኝ።

የሚጢ ደረት ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሲር ሲሩ ቀነሰ፣ ዓይኗ ጠራ። አንድ ቀን ደረጃውን ስንወጣ እጄን ለቀቀች፤ ልቤ ድንግጥ ሲል ቀድማኝ ሮጣ ላይ ደረሰች። ክፍሏ ደርቆ፣ ታድሶ፣ አዲስ ፍራሽ ገባለት። የቀረው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ጠዋትና ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱ ይከፈት።

እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። መስኮቱን ስከፍተው ሚጢ ጮኻ ከክፍሉ ወጣች። የጋሼ ጎበዝ ተማሪ ናት ለካ። ቀጭኑ ነፋስ ሰው እንደሚገድል፣ በየትኛው ጎን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወስድ አንድ ሳይቀር ታውቃለች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ ሐኪሟ ናት ያለችው አልኳት። ሐኪሟ ትከሻዋ ትክክል ነው፣ በነፋስ ተመትታ አታውቅም፣ ምን ታውቃለች አለችኝ። ዘግቼው ብትገባ ደግሞ ያ ግድግዳ ነገ ተመልሶ ያልበዋል። አባቷ መጣ፤ እሱንም አላመነችውም። እንባዋ ሲመጣ ሳሏም አብሮ መጣ። ያን ሳል ከሰማሁት ሰንብቻለሁ።

የጋሼ በር ተከፈተ።

ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። በዚያ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ የአንገት ልብስ፣ ጆሯቸውን የሸፈነ ባርኔጣ። ጓንት ሁሉ አጥልቀዋል። ውጭ ሰው በሸሚዝ ነው የሚሄደው። አልፈውን ገቡ፣ ወንበር ጎትተው መስኮቱ ሥር አስቀመጡ፣ መስኮቱን በራሳቸው እጅ እስከ መጨረሻው ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተቀመጡ።

"ነይ ግቢ እናቴ" አሏት። "መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።"

ሚጢ በሩ ላይ ቆማ አሰበችበት። "ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያማ እኔን አልፎ አንቺ ጋ ሲደርስ ሞቅ ይላል።"

ገባች። አልጋዋ ላይ ወጥታ አዲሶቹን እርሳሶቿን ዘረገፈችና መሣል ጀመረች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰብስበው፣ እየተተኮሰበት እንዳለ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መጋረጃው ሽው ባለ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ግን አልተነሡም። ይበቃዎታል ጋሼ፣ ተራውን እኔ ልቀመጥ ልላቸው ነበር። ከዚያ ሚጢ ሥዕሏን ቀና አድርጋ ስታሳያቸው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩና ሲስቁ አየሁ፤ ተውኩት።

ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ። ከሳሎን በኩል የሚመጣ ቀጭን ነፋስ እግሬን ዳበሰኝ፤ በበሩ ገብቶ በቀጥታ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። በጫማዬ ጫፍ ተራምጄ ሄድኩና የሳሎኑን መስኮት ዘጋሁ።